ባለ አንድ ዓይን ጀግና ይዤ ሞጣ

ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ የሚሄድ ሰው ወይ ለቅሶ ሊደርስ ነው፣ ወይ ሰርግ ተጠርቶ ነው፣ ወይ ከብት ሊገዛ ነው። እኔ የሄድኩት አውራ ጣት የማያህል የፕላስቲክ ሰው ላደርስ ነው። ይህንን ደብቄ፣ ፀጉር ቤቴ ለሚመጡት ሴቶች ሁሉ «ዘመድ ጥየቃ ነበር» ስል ሰነበትኩ። አሁን ውሸቱ ሰለቸኝ። የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ የሳቀ ይሳቅ፣ ፀጉሩን ግን እኔው ጋ ያሠራ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ጓሮዬ ያለችውን ክፍል ሦስት ዓመት የተከራየኝ ናትናኤል የሚባል የሐዋሳ ልጅ ነበር፤ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ልጅ ስል ሠላሳን ያለፈ ሰው ነው። ቀን የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲያይ ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ በማጉያ መነጽር ትንንሽ ወታደሮች ቀለም ይቀባል። ወታደሮቹ የሚዋጉት ያልነበረ ጦርነት ነው፣ አገሩም ያልተፈጠረ አገር ነው። ገሚሶቹ ብረት ለብሰው ከዋክብት ላይ ይታኮሳሉ፤ ገሚሶቹ ጥርሳቸው ቅንድባቸው የደረሰ አረንጓዴ ፍጥረቶች ናቸው። በመጀመሪያው ወር «ይሄ ልጅ ጠበል ያስፈልገዋል» አልኩ። በሁለተኛው ወር ብሩሽ ያዝኩ።

ምን ላድርግ፣ እጄ ተመቸው። የጥፍር ሞረዴ ከውጭ ካስመጣው መሣሪያ በልጦ ፕላስቲኩን አለሰለሰ። የቧንቧ መድፈኛ ማስቲሽ በክብሪት እንጨት ሲዳመጥ ካባ ሆነ። ደንበኞቼ ቆርጠው የሚጥሉት ፀጉር ለአውሬዎቹ ጋማ ሆነ፤ ዛሬ ቢቸና ውስጥ ፀጉሯ ያልዘመተ ሴት ጥቂት ናት። ቆይተን የአንዱን ራስ ቆርጠን ለሌላው አንገት መስጠት ጀመርን። ፋብሪካው የሠራውን ሰው ሌላ ሰው ማድረግ ማለት ነው። ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

ከዚያ ናትናኤል ወደ ሞጣ ተዛወረ። እዚያም ብጤዎቹን አገኘና እሑድ እሑድ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይገጥማሉ። አንድ ሕግ አላቸው፦ ቀለም ያልተቀባ ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። የናትናኤል ጦር ደግሞ አዛዥ የለውም። አንዲት እህቱ ከሰው አገር ስትመለስ አንድ አዛዥ አምጥታለት ነበር፤ ምትክ የሌለው ነው። «የእኔ እጅ ያበላሸዋል፣ እትዬ አንጓች ትቀባልኝ» ብሎ በሰው ላከልኝ። ከእሱም ጋር የጓደኛው የሆነች አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች የፕላስቲክ ሴት አብራ መጣች። «ለእሑድ አድርሽልኝ» አለኝ። ይኸው ነው ጉዞው።

ዓርብ

ሁለቱን በጥጥ ጠቅልዬ በትልልቅ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ውስጥ አስገባኋቸው። ቢጎዲኑን በብስኩት ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የቢቸና መናኸሪያ «ሞላ፣ ሞላ» እያለ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ነው፤ ያው እንደምታውቁት። ረዳቱ ቆርቆሮዬን ወደ ላይ ሊጭነው ፈለገ።

«ምንድን ነው ያለበት?» አለኝ።

«ሰው ነው» አልኩት።

አየኝና ለሾፌሩ «ይቺን ሴትዮ ፊት አስቀምጣት» አለው። በሰው ፊት ወፈፍ ብሎ መታየት እንዲህ ወንበር የሚያስገኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና በልጅነቴ እጀምረው ነበር።

ደብረ ወርቅ ልንደርስ ስንል ከሞተሩ እንፋሎት ወጣ። ሾፌሩ ወርዶ አየና «አምስት ደቂቃ» አለ። የቢቸና አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የመንገድ አምስት ደቂቃ ግን ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ነው። ውኃ ቀዳን፣ አፈሰስን፣ ገፋን። በመጨረሻ ደብረ ወርቅ እንደ ምንም ገባንና እዚያው ቀረን።

ገና ከመኪናው ስወርድ ናትናኤል ደወለ።

«እትዬ፣ ጀግናችን እንዴት ነው?»

«የትኛው ጀግና?»

«አዛዡ ነዋ። የራስ ቅል ያለበት።»

ቆርቆሮዬን አቅፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ደብረ ወርቅ አክስቴ ጋ ነበርኩ፤ ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ አለቃ ፈንታ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ብሩሽ አጥብላቸው ነበር። ትምህርቴ እዚያው የብሩሽ ውኃ ውስጥ ነው ያለቀው። «ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጥሻል፣ ሁለት ዓይን ነው» ይሉኝ ነበር። «ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን። በሁለት ዓይን ተያይተሽ እንዳትለምጃቸው።» ቤተ ክርስቲያን የገባ ሁሉ ግድግዳው ላይ ያየዋል።

እንግዲህ ፍረዱ። ይህ አዛዥ ትከሻው ላይ ሦስት የራስ ቅል አለው። ቀበቶው ላይ አራት ተንጠልጥለዋል። ጉልበቱ ላይ፣ ምናልባት እዚያም ይበርደው እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሌላ አለ። ቆቡ ቀንድ አለው፤ እጁ እሳት የሚተፋ ነገር ይዟል። የራስ ቅል እንደ ጨሌ የሚያንጠለጥል ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ ራሱን ቆረጥኩና ወደ ጎን አዙሬ አጣበቅሁት፤ የቀረውን ግማሽ ፊቱን በሞረድ ፍቄ በማስቲሽ ቆብ ሸፈንኩት። አንዲት ክፉ ዓይን ብቻ ቀረችው። እንዴት ኮርቼበት ነበር። ነጭ ለባሿን ሴት ግን ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ሰጠኋት፤ ከራሷ ዙሪያ ወርቅ ላደርግላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«ናቲ፣ ሴትዮዋስ?» አልኩት።

«የጓደኛዬ የመምህር ይበልጣል ንግሥት? እሷማ ደም የምትጠጣዋ ናት።»

«ደህና ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደህና አልነበረም። የተፋቀ ፊት አይመለስም፤ እህቱም ሌላ አታመጣለትም።

ያረፍኩት እማሆይ ጋ ነው፤ የአለቃ ፈንታ ሚስት የነበሩት ናቸው፣ አሁን መንነዋል። የባቄላ ንፍሮና የተልባ ፍትፍት አቀረቡልኝ። ቢቸና እንግዳ ሲመጣ «ምን ላቅርብ» ብለው ይጨነቃሉ፤ እማሆይ ያላቸውን ስላቀረቡ አይጨነቁም። ቆርቆሮውን ከፍቼ አዛዡን በመዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«ይሄ ጋኔን ነው?»

«ጀግና ነው አሉኝ፣ እማሆይ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።»

«ማን ነገረሽ መሳሳትሽን?»

«ባለቤቱ።»

እማሆይ ተቀመጡ። «አለቃን አንድ ጊዜ አንድ ባለ ብዙ መሬት ሰው፣ ‹ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ተንበርክኬ ሣለኝ› አሏቸው። ቀለሙን ገዝተው፣ ሠንጋ ጥለው። አለቃ ሣሏቸው፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን። ሰውየው የአንዲት የሙት ሚስት ማሳ ወስደው ነበር። ሲያዩት ተቆጡ። ዳኛ ፊት አቆሟቸው፤ ‹ዓይኔን ይጨምርልኝ› አሉ። አለቃም ‹ማሳውን ይመልሱ፣ ዓይናቸውን እመልሳለሁ› አሉ።»

«መለሱ?»

«ሞቱ። ባንድ ዓይናቸው እንዳሉ እስካሁን ግድግዳው ላይ ናቸው።» ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብዪ እንጂ።»

ቅዳሜ

የእማሆይ ታሪክ ደስ ይላል፤ የናትናኤልን አዛዥ ግን አያድነውም። ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳስብ የነበረው አለቃን አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ ዓይን መሣል ይቻል እንደሆነ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት አባት እግሯ የታሰረ ዶሮ ታቅፈዋል። አዛዡን አውጥቼ ሳገላብጠው ዶሮዋ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ቀበቶው ላይ ካሉት ራስ ቅሎች አንዱን ለቀመች። ዋጠችው።

«ምን አጎረስሻት?» አሉኝ አባት።

«የሰው ራስ ቅል ነው፣ አባቴ። ፕላስቲክ ነው።»

«ብትሞትስ?»

«እሱ ስምንት ይዞ አልሞተም።»

ዶሮዋን ወደ መስኮቱ ጎን አዛወሩና እስከ ግንደወይን ድረስ አላናገሩኝም። ሲወርዱ ግን ዘወር ብለው «ሰውየው ምን አድርጎ ነው ዓይኑን የነሳሽው?» አሉኝ። የማላውቀውን ጠየቁኝ። እውነት ለመናገር እኔም ያን ጊዜ ነው አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ።

ግንደወይን ለምሳ ቆመን። ሽሮው የቢቸናን ያህል ቅመም የለውም፤ ግን ትኩስ ነው፣ አስተናጋጇም ጨመር አድርጊ ሳልላት ጨመረችልኝ። ምግቡን ወደ ጎን አድርጌ ከቦርሳዬ ነጭና ጥቁር የጥፍር ቀለም አወጣሁ። የማስቲሹ ቆብ ላይ፣ ዓይን ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ ነጭ ነጥብ አኖርኩ፤ በመሐሉ ጥቁር። ራቅ አድርጌ አየሁት። ብጉር ነው። ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። አሁን ብጉሩ ወደ አገጩ ወረደ። በአሴቶን እንዳላጠፋው አሴቶን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በምራቄና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አስተናጋጇ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ነበር።

«እመቤቴ፣ ምሳዎት እየቀዘቀዘ ነው። ይሄም ሰውዬ አይበላም።»

ሞጣ ከሰዓት ደረስን። ሞጣ ከቢቸና ሰፋ ትላለች፤ ሰዎቿም ይህን ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ናትናኤል ሆስፒታል ተረኛ ስለነበር የተቀበለችኝ አከራዩ ወይዘሮ ዘሀራ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አያቶቿም እዚሁ ሞጣ ጨርቅ የሸጡ ናቸው። ቤት ስገባ የዶሮ ወጥ ሽታ ተቀበለኝ። እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳሰላ ቀደመችኝ።

«አትጨነቂ። ዶሮዋን ያረደው ጎረቤቴ ነው፣ የሠራችው ሚስቱ ናት። ድስቱ ራሱ የክርስቲያን እንግዳ ድስት ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። የኔ የሆነው ሽንኩርቱ ብቻ ነው፣ እሱንም እያለቀስኩ ነው የላጥኩት።»

በልቼ ጠገብኩ። ቢቸና ዶሮ ያቀረበላችሁ ሰው ዶሮዋን ስንት እንደገዛት ሳይነግራችሁ አያስነሳችሁም። ዘሀራ የነገረችኝ የድስቱን ዕድሜ ነው። ስለ አዛዡ ግን ሙሉውን እኔ ነገርኳት፤ የጠገበ ሰው ሚስጥር አይይዝም። ሰምታ ስታበቃ «ነገ ሳያይ በፊት ንገሪው» አለች። «ሰው ጉዱን ከሰው ሲሰማና በዓይኑ ሲያይ አንድ አይደለም።»

እሑድ

ምክሯን አልሰማሁም። ናትናኤል ከተረኝነት ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ሲመጣ «ከሰዓት ታየዋለህ» አልኩት።

የጦር ሜዳው የዘሀራ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ሱቁ ዝግ ስለሆነ ትለቅላቸዋለች። ተራራው በአረንጓዴ ፖፕሊን ጨርቅ የተሸፈነ ካርቶን ነው። ወታደር ስንት እንደሚራመድ የሚለኩት በጨርቅ ሜትር ነው፤ ማን እንደሚሞት የሚወስነው የሉዶ ዳይስ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወር ሙሉ ሪፖርት ሲጽፍ የከረመ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ «ከኮረብታው ኋላ ነኝ፣ አታየኝም» ሲል ማየት ነበረባችሁ። የቢቸና ወንዶች ቢያንስ ዳማ ሲጫወቱ ጠጠሩን ጠጠር ነው የሚሉት።

መምህር ይበልጣል የሚባለው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ተጋጣሚው እሱ ነው። ቀድሞ ንግሥቲቱን ተቀበለኝ። ከቢጎዲኑ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ናቲ፣ ደም መጣጬ ጸድቃልሃለች» አለ። «ሻማ ላብራላት?»

ከዚያ ናትናኤል አዛዡን አወጣ። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከግራ አየው፣ ከቀኝ አየው። ቀኝ ፊት የለም።

«እትዬ፣ ፊቱስ?»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። አለቃ ፈንታን፣ ብሩሹን፣ ጻድቅና ኃጥኡን፣ ዶሮዋን ጭምር። ስናገር ይበልጣል ይስቃል፤ ናትናኤል አይስቅም። አዛዡን በጣቱ ያገላብጣል። «እህቴ በእጅ ሻንጣዋ ነው ያመጣችው» አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘሀራ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፖፕሊን እየጠቀለለች ነበር። «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው ጀግና የተባለው?» አለች።

«መጽሐፉ አለ» አለ ይበልጣል። የጨዋታቸው ሕግና የየወታደሩ ገድል ያለበት መጽሐፍ ነው። ገጹን አገኘና እያማረጠ አነበበልን። «አንድ ከተማ ወረርሽኝ ገባባት። ወረርሽኙ እንዳይወጣ በሮቿን ዘግቶ ከነሕዝቧ አቃጠላት። ንጉሡም አክሊል ሸለመው።»

«ስንት ሰው ነበር ከተማዋ ውስጥ?» አለች ዘሀራ።

«አይልም።»

«ናቲ፣ አንተ ማይክሮስኮፕህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ስታይ ምን ታደርጋለህ?»

«መድኃኒት እንዲጀምር እጽፋለሁ።»

«አታቃጥለውም?»

ይበልጣል ሳቁን አቆመ። ናትናኤል አዛዡን ጠረጴዛው ላይ አቆመውና ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ዓይኑ ሊመለስ ይችላል?»

አይችልም ልለው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን የአለቃ ነገር ሆነ። «ከተማዋን ይመልስ፣ ዓይኑን እመልስለታለሁ።»

ከዚያ ናትናኤል አዛዡን አነሳና ከወታደሮቹ ፊት አኖረው። «እንግዲያው እንደሆነው ይዝመት» አለ። ይቅርታ አድርጎልኝ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሜትሩን ግን እንድይዝለት ለእኔ ነው የሰጠኝ።

አዛዡ በሁለተኛው ዙር ሞተ። ነጭ ለባሿ ነች የገደለችው። «በቀኝ በኩል ነው የመጣሁበት» አለ ይበልጣል፤ «ከዚያ ጎን እንደማያይ እትዬ አንጓች ነግራኛለች።» ያን ጊዜ ናትናኤል ሳቀ። ቢቸና ጓሮዬ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ነበር።

ሰኞ

ናትናኤል መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሲሰናበተኝ የጫማ ካርቶን ሰጠኝ፤ ያልተቀቡ አሥራ ሁለት ወታደሮቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከመጽሐፉ የገለበጣት አንዳንድ ብጣሽ ወረቀት አጣብቋል።

«አንብበሽ ቀቢያቸው» አለኝ። «የሚገባቸውን ዓይን ስጫቸው፤ እኔ አልከራከርም።»

በመንገዱ ሁሉ አነበብኩ። አንዱ ድልድይ ሰብሮ ሺህ ሰው አስጥሟል፣ ጀግና ነው። አንዱ ወደ ኋላ የሸሹ ወገኖቹን ተኩሶ መልሷል፣ ጀግና ነው። እንዲህ ያለ የጀግና ብዛት ያለበት አገር ማን ቀርቶ እንደሚያርስ እንጃ። ደብረ ወርቅ ስናልፍ አሥራ አንዱን ጨርሼ ነበር፤ ሁሉም በጎን ናቸው። ለእማሆይ ከመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩ፤ እሳቸው ግን እዚያ አልነበሩም።

አሥራ ሁለተኛው መሣሪያ የለውም። ወረቀቱ ላይ ያለው «ቁስለኛ ያነሳል» የሚል ብቻ ነው። ተንበርክኮ አንድ የወደቀ ሰው ላይ አጎንብሷል፤ ፊቱ ወደ መሬት ስለሆነ ዓይኑ ጨርሶ አይታይም። ቢቸና እንደገባሁ አንገቱን በምላጭ ቆረጥኩና ቀና አድርጌ አጣበቅሁት፤ ሰው ሁሉ እንዲያይለት ሁለት ጥሩ ዓይን ሣልኩለት። ፎቶ አንሥቼ ለናትናኤል ላክሁ።

ደወለ። «እትዬ፣ በጣም ያምራል። ግን ቀና ካለ ቁስለኛውን ማን ያየዋል?»

እኔም መልሼ አንገቱን ቆረጥኩት፤ እንደ ቀድሞው አጎነበስኩት። አሁን ለሞጣ መንገደኛ እስካገኝ ድረስ ፀጉር ቤቴ መስታወት ሥር ተቀምጧል። ደንበኞቼ እያገላበጡ «ይሄኛውስ ዓይን የለውም?» ይሉኛል። አለው። ሁለቱንም ሥያቸዋለሁ፤ የሚያያቸው ግን የወደቀው ሰው ብቻ ነው።